ካይሮ ለመድረስ ስንት ወር ይፈጃል? የሐበሻ ደረሶች የጉዞ ዕቅድ



ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከልኝ። ሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ እስክንድርያ ላይ በሚደረግ የተማሪዎች ስብሰባ እንዲገኝ ተጋብዟል። አንዱ ፎቶ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ነው፤ ሌላው ከካይሮ ወደ እስክንድርያ የሚሄደው ባቡር የሰዓት ሰንጠረዥ። ከሥሩ እንዲህ የሚል ጽፏል፦ «አኺ፣ አውሮፕላኑ ማታ ነው የሚያርፈው። የመጨረሻው ባቡር ቢያመልጠኝስ?»

የማውቀውን ያህል መለስኩለት። የአውሮፕላኑና የባቡሩ ትኬት ለየብቻ የተቆረጡ ስለሆኑ አውሮፕላኑ ቢዘገይ ባቡሩ አይጠብቅህም፣ ገንዘብህንም የሚመልስልህ የለም። የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ አየር ማረፊያው ከከተማው ዳር ሲሆን የራምሲስ ባቡር ጣቢያ መሀል ከተማ ነው። ስለዚህ ማታ አርፈህ የዚያኑ ማታ ባቡር እይዛለሁ አትበል፤ አድረህ የጠዋቱን ያዝ። ቪዛው ሳይወጣ ደግሞ የማይመለስ ትኬት አትቁረጥ። ይህን ጽፌ ስልኩን አስቀመጥኩ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። «ቢያመልጠኝስ?» የሚለውን ቃል በዚሁ መንገድ ላይ ሆነው ከእኛ አገር የወጡ ደረሶች ለመቶዎች ዓመታት ሲጠይቁት ኖረዋል። የእነሱ ሲያመልጣቸው ግን የሚጠብቁት እስከ ጠዋት አልነበረም፤ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ነበር።

ለኢልም ብሎ መንገድ መውጣት በእስልምና ውስጥ የቆየ ነገር ነው። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንዲት ሐዲስ ከዐብዱላህ ኢብኑ ኡነይስ (ረ.ዐ) አፍ ለመስማት ግመል ገዝተው የአንድ ወር መንገድ ወደ ሻም መጓዛቸው በኪታቦቻችን የታወቀ ነው። ልብ በሉ፣ ጃቢር መጀመሪያ ያደረጉት መጓጓዣውን መግዛት ነበር። ዕቅድ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

ከእኛ አካባቢ ወደ ካይሮ የሄዱት ሰዎች ታሪክ ደግሞ 700 ዓመት ወደኋላ ይወስደናል። ኢማም ፈኽሩዲን ዑስማን ኢብኑ ዐሊ አዝ-ዘይለዒ በሂጅራ 705 (1305/6 እ.ኤ.አ.) ካይሮ ገቡ። አስተማሩ፣ ፈትዋ ሰጡ፣ «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» የተባለውን ትልቅ የሐነፊ ፊቅህ ኪታብ ጻፉ፤ በ743 እዚያው አረፉ። ደረሳቸው ጀማሉዲን ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ «ነስቡር-ራያ»ን አዘጋጁ፤ «አል-ሂዳያ» በተባለው ኪታብ ውስጥ የተጠቀሱ ሐዲሶችን ምንጭና ደረጃ አንድ በአንድ የሚመረምር ሥራ ነው፣ ዛሬም የሐዲስ ተማሪ ሁሉ ይገልጠዋል። እሳቸው በ762 ሞቱ።

ዘይላ ዛሬ ሶማሌላንድ በምንለው ጠረፍ ላይ ያለች ወደብ ናት። በዚያ ዘመን የኖረው አል-ዑመሪ እንደሚነግረን ግን የግብጽና የሻም ሰዎች የሐበሻን ሙስሊም አገሮች በሙሉ «ዘይላ» ይሏቸው ነበር፤ የአንዲት ወደብ ስም ለአገሩ ሁሉ ተሰጠ ማለት ነው። ነገሩ አይገርምም። ካይሮ ላይ ለተቀመጠ ሰው ከኢፋትም ይምጣ ከሐድያ፣ ከባሌም ይምጣ ከደዋሮ፣ እንግዳው ከባሕር የወጣ ሰው ነው።

እስቲ አሁን አንድ የኢፋት ወይም የወሎ ደረሳ እንውሰድ። አንዱ ሸይኽ ዘንድ ነሕው፣ ሌላው ዘንድ ፊቅህ እያለ ከመስጊድ መስጊድ ሲዞር የኖረ ነው። እግሩ መንገድ ያውቃል። ወላጆቹን ዱዓ አስደርጎ፣ ሸይኹን አስፈቅዶ ካይሮ ለመሄድ ነየተ። መቼ ይነሣ?

ሦስት የዘመን ቆጠራዎችን ማስታረቅ ነበረበት። የመጀመሪያው የክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ነጋዴም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መስከረም እስኪጠባ መጠበቅ ነው። ያውም ብቻውን አይሄድም፤ ከነጋዴዎች ቅፍለት ጋር ተቀላቅሎ ወይ በሰሜን ወደ ምፅዋ፣ ወይ ከዓልዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ በአፋር በረሃ ወደ ታጁራ ወይም ወደ ዘይላ ይወርዳል። ውሃ ያለበትን ጉድጓድ የሚያውቀው፣ ለየጎሳው አለቃ የሚከፈለውን የሚያውቀው ነጋዴው ነው። ደረሳው ቁርኣን ይቀራላቸዋል፣ ያሰግዳቸዋል፤ እነሱ ያበሉታል።

ሁለተኛው የነፋሱ ነው። ቀይ ባሕር ላይ ነፋስ እንደ ከተማ አውቶቡስ መስመር አለው፤ አንተ በፈለግህበት አይሄድም። በባሕሩ ደቡባዊ ክፍል ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ይገፋል፤ በበጋ ከምፅዋ ወደ ጂዳ የሚሄደው ጀልባ ሸራውን ይዘረጋና ይሄዳል። ከግንቦት በኋላ ይገለበጥና ከሰሜን ይነፍሳል። ከጂዳ በላይ ባለው በሰሜኑ ክፍል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ከሰሜን ነው የሚነፍሰው። ስለዚህ በሸራ ጀልባ ከጂዳ ወደ ሱዌዝ መውጣት ነፋስን ፊት ለፊት መግጠም ነበር። ጂዳ ማረፊያና መቀየሪያ የሆነችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው የጨረቃው ነው፣ ሐጅ። ደረሳው ወደ ካይሮ ሲያልፍ ሐጁን ሳያደርግ አያልፍም። የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ያጥራል፤ ስለዚህ ዙልሒጃ በየዓመቱ እየቀደመች በ33 ዓመት ገደማ በጋና ክረምቱን ሁሉ ትዞራለች። ነፋሱና ክረምቱ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። ሐጅ ጥር ላይ የዋለ እንደሆነ ደረሳው ታደለ፦ ከመስከረም በኋላ ይነሣል፣ ነፋሱ ከኋላው ነው፣ በጊዜው መካ ይደርሳል። ሐጅ ነሐሴ ላይ የዋለ እንደሆነ ግን ነፋሱ ሳይገለበጥ በሚያዝያ ባሕሩን መሻገር አለበት፤ ከዚያ ረመዳንን መካ ጾሞ፣ ሸዋልንና ዙልቃዕዳን እዚያው ቆይቶ ሐጁን ይጠብቃል። ይህን የሚያሰላለት ስልክ የለውም። የሚያሰላለት ከእሱ በፊት ሄዶ የተመለሰ ሸይኽ ነው።

ከሐጅ በኋላስ? የግብጽ የሐጅ ቅፍለት ከመካ ሲመለስ አብሮ መሄድ ነው። በረሃውን በ40 ቀን ገደማ አቋርጦ በሰፈር ወር ካይሮ ይገባል። ወታደር አለው፣ የውሃ ጉድጓዶቹ የታወቁ ናቸው። ያ ቅፍለት ነው እንግዲህ የዚያ ዘመን «የመጨረሻው ባቡር»። ታሞ የቀረ፣ ስንቁ ያለቀበት ደረሳ የሚቀጥለውን ዓመት ሐጅ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ነው እነዚያ ሰዎች የሚያስገርሙኝ። ያ ዓመት በከንቱ አይሄድም ነበር። መካ ወይም መዲና የቀረው ሰው «ሙጃዊር» ይባላል፤ ሐረም ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ታዋቂው የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ስለ ራሱ ቤተሰብ ሲተርክ ሰባተኛ አያቱ ከጀበርት አገር ተነሥተው በጂዳ በኩል መካ ገቡ፣ በመካና በመዲና ሙጃዊር ሆነው ተቀመጡ፣ ከዚያ በኋላ ነው ካይሮ የደረሱት ይላል። የጀበርት ሰዎች ችግር የሚችሉ፣ ዲነኛ፣ ሐጅ በእግራቸው የሚሄዱ መሆናቸውንም ይጠቅሳል። ቀጥሎ የሚለው ግን ለጉዳያችን ዋናው ነው፦ ሦስት ሪዋቆች ነበሯቸው፤ አንድ መዲና፣ አንድ መካ፣ አንድ ካይሮ አል-አዝሀር ውስጥ።

ሪዋቅ ማለት በአምዶች የተደገፈ ጣሪያ ያለው የመስጊድ ክፍል ነው። አል-አዝሀር ውስጥ የመግሪብ ሰዎች የራሳቸው ነበራቸው፣ የሻም ሰዎች፣ ቱርኮች፣ የላይኛው ግብጽ ሰዎችም እንዲሁ። የእኛዎቹ «ሪዋቁል ጀበርት» ይባል ነበር። ሪዋቁ የራሱ ሸይኽ አለው። ከወቅፍ ገቢ ለደረሶቹ ዳቦ ይታደላል፤ ኪታብና ልብስ የሚቀመጥበት ሳጥን ይሰጣቸዋል። አዲስ የመጣውን የት ሸይኽ ዘንድ ምን እንደሚቀራ የሚመሩት ቀድመው የመጡት ናቸው።

አሁን ሦስቱን ቦታዎች ከመንገዱ ጋር አስተያዩአቸው። መካ፣ መዲና፣ ካይሮ። ጉዞው ሊቋረጥባቸው፣ ሰው ዓመት ሊቆይባቸው በሚችሉባቸው ከተሞች ሁሉ አንድ አንድ ሪዋቅ አለ። ካይሮ ውስጥ አንድም ሰው የማያውቅ፣ የግብጾችን አነጋገር ያልለመደ ልጅ አል-አዝሀር በር ላይ ቆሞ «ሪዋቁል ጀበርት የት ነው?» ካለ ሌሊቱን ማደሪያ አለው፣ ጠዋት ዳቦ አለው፣ በአገሩ ቋንቋ የሚያናግረው ሰው አለው። ኪሱ ባዶ መሆኑ አይጠየቅም። ደረሳው የመድረሻ ቀኑን በእርግጠኝነት አያውቅም ነበር፤ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ግን ያውቃል።

የአል-ጀበርቲ ሰባተኛ አያት የዚህ ሪዋቅ ሸይኽ ሆኑ፤ ኃላፊነቱም በልጅ ልጆቻቸው ዘለቀ። አባቱ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ (በሂጅራ 1188 / 1774 እ.ኤ.አ. የሞቱ) ከዚያ ቤት የወጡ ናቸው። ፊቅህ ብቻ ሳይሆን ሒሳብና ሥነ ፈለክ የተካኑ፣ ሰዓት የሚነግሩ የጥላ መለኪያዎችን የሠሩ፣ የካይሮ ገበያ ሚዛን ሲዛባ ያስተካከሉ ሰው ነበሩ። በሂጅራ 1159 ከፈረንጅ አገር የመጡ ተማሪዎች ጂኦሜትሪ ሊማሩ እሳቸው ዘንድ መቀመጣቸውን ልጃቸው ጽፏል። ልጁ ዐብዱረሕማን ደግሞ ናፖሊዮን በ1798 (እ.ኤ.አ.) ግብጽን ሲወር በዓይኑ ያየውን «ዐጃኢቡል አሣር» በተባለው ሥራው ውስጥ መዝግቦልናል። አንዳንድ ወንድሞች «ኢትዮጵያዊው የታሪክ ጸሐፊ» እያሉ ፎቶ ይለጥፋሉ። ይህ ትንሽ በዛ። ሰውየው ካይሮ ተወልዶ ካይሮ ያደገ ግብጻዊ ነው። የሚያኮራን ነገር ሌላ ነው፦ አንድ መንገደኛ ደረሳ በሪዋቁ መጠለሉ ከሰባት ትውልድ በኋላ ምን እንዳፈራ ማየት።

19ኛው መቶ ዘመን መንገዱን ከሥሩ ለወጠው። በ1856 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እስክንድርያንና ካይሮን የሚያገናኘው የባቡር መስመር ተጠናቀቀ፤ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነው፣ ያ የሰፈራችን ልጅ ሰዓቱን ፎቶ ያነሣበት መስመር ማለት ነው። በ1858 ከካይሮ ሱዌዝ ሌላ ሐዲድ ተዘረጋ። በ1869 የሱዌዝ ቦይ ተከፈተ። የእንፋሎት መርከብ ከየት ይንፈስ አይጠይቅም፤ ከሦስቱ ቆጠራዎች አንዱ፣ የነፋሱ፣ ወደቀ።

በቦታው ግን ሌላ ነገር መጣ። በ1865 በሐጅ ላይ የተነሣው ኮሌራ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ የለይቶ ማቆያ ሕግ ጠበቀ። ከሐጅ ወደ ግብጽ የሚመለስ ሰው ሲና ላይ አጥ-ጡር በተባለ ቦታ ይያዛል፤ ከደቡብ በመርከብ ለሚመጣው ሑጃጅ ዑስማኒያዎች በ1882 ካማራን ደሴት ላይ ማቆያ ከፈቱ። ማኅተም፣ ወረቀት፣ የጤና ምርመራ፣ ክፍያ። የኮቪድን ጊዜ የምታስታውሱ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም።

በእኛ በኩል ባቡሩ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር፤ ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ ሐዲዱ በሥር አለፈና ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተወለደች። የሐረር ደረሳ ኪታቡን ይዞ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ከወረደ ባቡር አገኘ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ባቡሩ በዚያ ዘመን በሦስት ቀን ነበር የሚጨርሰው፤ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ ያድራል። ከጅቡቲ መርከብ፣ ከፖርት ሰዒድ ደግሞ እንደገና ባቡር፣ ካይሮ። ወራት የነበረው ወደ ሳምንታት ወረደ። መንገዱ ግን ገንዘብ መጠየቅ ጀመረ። ቁርኣን ቀርቶ፣ ሰው አሰግዶ ባቡር መሳፈር አይቻልም።

ስለ ባቡር ካነሣን የሒጃዙን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ከደማስቆ መዲና የተዘረጋው 1,300 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ሐዲድ በ1908 መዲና ሲገባ አብዛኛው ሙስሊም የራሱ ነገር አድርጎ ነበር ያየው፣ ከብዙ አገር ሙስሊሞች መዋጮ ገብቶበታልና። መካ ሳይደርስ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሰበረው። ጉዳዩ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ከዚያ አውሮፕላን መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር (ኤፕሪል 8 ቀን 1946) ነው። ወዴት? ወደ ካይሮ፣ በአስመራ በኩል። ያንን ዜና ሳነብ ሁሌ ፈገግ እላለሁ፤ ደረሶቻችን በእግር፣ በግመልና በጀልባ የዳሰሱት አቅጣጫ ነው። እርግጥ አውሮፕላኑ የተላከው ለደረሳ ታስቦ አይደለም፣ ትኬቱም የደረሳ አቅም አልነበረም።

አቅም የሌለው፣ ፓስፖርትም ማግኘት የቸገረው፣ በምዕራብ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። የሱዳን ባቡር በ1924 ከሰላ ደርሷል። ከከሰላ ተሳፍሮ በአትባራ በኩል ወደ ዋዲ ሐልፋ፤ ከዋዲ ሐልፋ በዓባይ ላይ በእንፋሎት ጀልባ እስከ አስዋን አጠገብ፤ ከዚያ የግብጽ ባቡር ተቀብሎት በዓባይ ዳር ካይሮ ድረስ። ሁለት ባቡር፣ አንድ ጀልባ። ይህን መንገድ የሄደ ሰው ዛሬ ተመልሶ ልየው ቢል አያገኘውም፤ የአስዋን ትልቁ ግድብ ውሃ በ1960ዎቹ አሮጌዋን ዋዲ ሐልፋ ከነጣቢያዋ አስጥሟታል።

በዚያው ዘመን ካይሮ ላይም ሪዋቁ መልኩን ቀየረ። ከየአገሩ ለሚመጡ የአል-አዝሀር ተማሪዎች ዐባሲያ አካባቢ «መዲነቱል ቡዑስ አል-ኢስላሚያ» የተባለ ሰፊ የማደሪያ ግቢ ተሠራ። ተማሪው በአገር ተከፋፍሎ በመስጊድ አምድ ሥር ማደሩ ቀርቶ በፎቅ ውስጥ አልጋ አገኘ። ምቾቱ ጨምሯል። አዲስ ለሚመጣው ልጅ ግን በሩ እንደ ድሮው ሪዋቅ ክፍት አይደለም፤ ስምህ መዝገብ ላይ ከሌለ አትገባም።

ወደ ሰፈራችን ልጅ ልመለስ። ይህን ሁሉ በድምፅ መልእክት እያቆራረጥኩ ነገርኩት፤ ሰባት መልእክት ሆነ፣ አላህ ይስጠው ሁሉንም አዳመጠው። ዕቅዱን እንደገና አየነው። ዋጋ አለ፣ ሰዓት አለ፣ የሻንጣ ክብደት አለ፣ የስብሰባው አዳራሽ ካርታ አለ። አንድም የሰው ስም የለበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በሌሊት ብቻውን እንዳይጓዝ ማሳሰባቸው ቡኻሪ ላይ ተዘግቧል፤ የእሱ ዕቅድ ደግሞ ሌሊት፣ ብቻውን፣ በማያውቀው ከተማ ከአየር ማረፊያ ወደ ባቡር ጣቢያ መሮጥ ነበር።

«ካይሮ የሚማር ሰው ታውቃለህ?» አልኩት።

«እኔ አላውቅም። የመስጊዳችን ኢማም የእህት ልጅ ግን አል-አዝሀር ነው ይባላል።»

ከመግሪብ በኋላ ኢማሙን አገኛቸው፤ እሳቸውም ቁጥሩን ሰጡት። ማታ እንደገና ጻፈልኝ። ልጁ አየር ማረፊያ ድረስ መጥቶ ይቀበለዋል፣ ከሦስት የአገር ልጆች ጋር የተከራዩት ቤት ያሳድረዋል፣ ጠዋት ራምሲስ ድረስ ሸኝቶ ባቡር ላይ ያወጣዋል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያስቸገረው፦ ከአገር ቤት በርበሬና ሽሮ ያምጣልኝ ብሏል፤ የሻንጣው ክብደት ደግሞ ከወዲሁ ሞልቷል።

ከጫማዎቹ አንዱን አውጣ አልኩት።